የሰፈር ቡድኖቻችን ዘንድሮ ጥምቀትን ይሻገራሉ ወይ? የክሩ መልሶች በየቁጥራቸው

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ይሄን የውይይት ክር ጳጉሜ ላይ ነበር የከፈትኩት፣ አሁን መልሱ ሠላሳን አልፎ አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ የተባለውን ሳያይ ያንኑ ደግሞ እየጠየቀ ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ አንድ ቦታ ላስቀምጠው። የኔንም ሀሳብ መሀል መሀል ላይ እጨምራለሁ፣ ጉዳዩ የምር ያሳስበኛል።

መክፈቻው ላይ የጠየቅኩት ይሄ ነው። ሽምብጥ፣ ሹም አቦ፣ ግሽ ዓባይ፣ ሰፈነ ሰላም፣ በላይ ዘለቀ፣ ዓባይ ማዶ እያልን ብንቆጥር ባሕር ዳር ውስጥ የኳስ ቡድን የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ደመወዝ የሚባል ነገር የማያውቁ፣ ማሊያ በመዋጮ የሚገዙ፣ ታኬታ እየተዋዋሱ የሚገቡ ልጆች ናቸው። ክረምቱ ወጣ ሲል ይሰባሰባሉ፣ ጥቅምት ላይ በጉልበት ይጀምራሉ፣ ገና ሲደርስ ግማሹ ቡድን የለም። ዘንድሮስ ስንቱ ጥምቀትን ይሻገራል? አቋሜንም አብሬ ጽፌ ነበር፦ ሁሉም ሰው ብር የለም ይላል፣ ብር ግን ተለምኖም ተዋጥቶም ይገኛል፣ ልጅ እንደሆነ ሞልቷል፣ የማይዋጣው ሜዳ ነው። አንዱ ታጠረ፣ አንዱ ላይ አሸዋና ድንጋይ ተራገፈ፣ የቀረው ደሞ እስከ ጥቅምት ረግረግ ነው። ልምምድ የሚሠራበት ቦታ ያጣ ቡድን እንዴት ብሎ ይዘልቃል?

ቁጥር 1 የዓባይ ማዶ ልጅ ነው፣ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥቶ ነው የጀመረው። ባልኩት ይስማማል፣ ግን አንድ ጥሩ ነገርም አለ ባይ ነው፦ ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለነሱ ትልቅ እፎይታ ነው። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ የእግረኛ መንገዱም ሰፊ ስለሆነ ታዳጊዎቹ ከመኪና ጋር ሳይጋፉ ወደ ከተማው ተሻግረው ይጫወታሉ፣ ድሮ በጠባቡ ድልድይ ወላጅ እሺ አይልም ነበር። ችግሩ ተሻግረው የሚመጡት እነሱ ብቻ መሆናቸው ነው አለ፣ እነሱ ጋ ሄዶ የሚጫወት የለም፣ ሜዳቸው በግንባታ ዕቃ ተይዞ ቀርቷላ።

ቁጥር 2 አረመኝ ማለት ይቻላል፣ ሜዳ ብቻ አይደለም ጊዜም ነው ይላል። መሬታችን ዋልካ ነው፣ ዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ መስከረም ላይ ልምምድ የጀመረ ቡድን ጭቃ ላይ ቁርጭምጭሚት ከማጣመም ውጪ የሚያተርፈው የለም። ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ሩጫና አካል ብቃት በአስፋልት ዳርና በደረቅ ቦታ፣ ኳስ ከዛ በኋላ። ይሄ ትክክል ነው፣ ብዙ ልጅ ለዓመቱ የሚያጣው በነዛ የመጀመሪያ ሦስት አራት ሳምንታት ነው፣ እያነከሰ ይገባል፣ ሳይድን ይደግማል፣ በቃ ይቀራል። ቁጥር 3 ባጭሩ አሰልጣኝ ነው ችግሩ ብሎ ወጣ፣ አሰልጣኙ ራሱ ገንዘብ ያዥ፣ ራሱ ወጌሻ፣ ራሱ ዳኛ ለማኝ ነው፣ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ የሄደ ቀን ቡድኑም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ቁጥር 4 የጻፉት አንድ አባት ናቸው። ክሩ ላይ ካሉት ሁሉ የሳቸውን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ ሲሠራ፣ ፖሊም (ፖሊ ቴክኒኩ) በሶቭየቶች ትብብር ሲከፈት ልጅ ነበሩ፣ ከተማዋ ያኔ ትንሽ ናት። ከፍ ሲሉ የፋብሪካው ሠራተኛ ከሺፍት ሲወጣ ወደ ሜዳው ይሄድ እንደነበር፣ ሠራተኛና ተማሪ ሲጋጠም ገበያ የቀረ ሰው እንዳልነበር አጫወቱን። ግን ትዝታ ለማውራት ብቻ አልገቡም። ነጥባቸው፣ ያኔ ሜዳው ባለቤት ነበረው፣ የፋብሪካው ግቢ ነው የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው ተብሎ ይታወቃል፣ ማንም ዝም ብሎ አያጥረውም፣ የዛሬው የሰፈር ሜዳ ግን ልጆቹ ሃያ ዓመት ስለተጫወቱበት የነሱ ይመስላቸዋል እንጂ ወረቀት ላይ የማንም አይደለም፣ ካርታ የለውም፣ ካርታ የሌለው ደሞ ክፍት ቦታ ተብሎ ነው የሚመዘገበው የሚል ነው። እኔ መክፈቻው ላይ ልል የፈለግኩትን ከኔ በተሻለ አስቀምጠውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

5 እና 6 የሁለት ሰው ጨዋታ ናቸው። አንዱ አባቱ በዛ ዘመን በረኛ እንደነበር ጠቅሶ ያውቋቸው እንደሆነ ጋሼን ጠየቀ፣ እሳቸውም ሰፈሩን ጠይቀው፣ መልኩን ገልጸው፣ በመጨረሻ ማን እንደሆነ ያወቁ መሰለኝ፣ የቀረውን በውስጥ መስመር ቀጠሉ። ከርዕሱ የወጣ ነው፣ ቢሆንም ደስ ይላል።

ቁጥር 7 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይሄኛው በትዝታ ቡድን አይቆምም ብሎ ነው የገባው፣ ጉዳዩ ብር ነው፣ ሜዳ እያላችሁ አታደናግሩ አለ። ኳስ፣ ኖራ፣ የዳኛ አበል፣ የውድድር መመዝገቢያ፣ ላይ ላዩን ደሞ ማስያዣ፣ አንድ ቀን በፎርፌ፣ ማለትም ሳትጫወት፣ ከተሸነፍክ ማስያዣው ይወረሳል፣ ከዛ በሚቀጥለው ዙር የሚያስይዝ ሰው የለም። ወጪው እውነት ነው፣ እኔም አልካድኩም። ቁጥር 8 ላይ ግን የመለስኩለት፣ ፎርፌው ከየት እንደሚመጣ እንየው ብዬ ነው። በጨዋታው ሕግ አንድ ቡድን ከሰባት ተጫዋች በታች ሆኖ መጀመርም መቀጠልም አይችልም፣ የኛ ሰፈር ቡድኖች የሚቀጡት ደሞ ስድስት ሆነው እየመጡ ነው። ለምን ስድስት ሆኑ? ልምምድ ስላልነበረ። ለምን ልምምድ አልነበረም? ቦታው ስለተያዘ። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ አለ ብሎ የሚያምን ልጅ የቀን ሥራውን ሰዓት ያመቻቻል፣ የባጃጅ ረዳትነቱንም ይተካል፣ ልምምዱ አንዴ ሲኖር አንዴ ሲቀር ግን ሥራውን ይመርጣል፣ ማንም ይመርጣል። ስለዚህ ብሩም ዞሮ ዞሮ ሜዳው ጋ ነው የሚመጣው።

ከ9 እስከ 11 የትንበያ መልሶች ናቸው፣ ብዙዎቻችሁ ስትጠብቁት የነበረው። ቁጥር 9 ዘንድሮ ሽምብጥን የሚችላት የለም ባይ ነው፣ መሀል ሜዳው ላይ አምና ታዳጊ የነበሩት ሦስቱ ልጆች አብረው አደጉ፣ አይተያዩም እንኳን ይቀባበላሉ። ቁጥር 10 አልተስማማም፣ መሀሉ ጥሩ ነው ግን ተከላካይ የላቸውም፣ ከፍ ብሎ በሚመጣ ኳስ አምና ስንት ጎል እንደገባባቸው ሁላችንም አይተናል፣ እሱ ዓይኑን የጣለው በላይ ዘለቀ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አሰልጣኛቸው የካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የጀማሪ አሰልጣኞች ዲ ላይሰንስ ሥልጠና ወስዶ መጥቷል፣ ልምምዱ በወረቀት የተጻፈ ነው። ቁጥር 11 ደሞ የሰፈነ ሰላም ሰው ነው፣ እኛን ረሳችሁን ብሎ ተቆጣ፣ ታዳጊያቸው ብዙ ነው፣ ከ15 በታች ሁለት ቡድን ያወጣሉ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እናያለን አለ። በኔ እይታ ከሦስቱ ይሄኛው ሚዛን ይደፋል፣ አዋቂው ቡድን ቢበተንም ታዳጊ ያለው ሰፈር ተመልሶ ይነሳል፣ አዋቂ ብቻ ያለው ግን ሁለት ልጅ ሲያገባና አንድ ሲሰደድ አለቀለት።

ይሄ ታዳጊ የሚለው ነገር ነው ጠቡን ያመጣው። ቁጥር 12 የትኛው ታዳጊ ብሎ ጀመረ፣ ከ17 በታች ውድድር ላይ ፂሙን ተላጭቶ የሚገባ ሰው አይተናል፣ ልጅ ያለው ሰው አይተናል እያለ ቀጠለና አንድ ሰፈር ጠርቶ ከሰሰ። ቁጥር 13 የዛ ሰፈር ልጅ ነው፣ ማስረጃ አምጣ ካልሆነ ዝም በል አለው፣ ቃሉ ከዚህም ይከብድ ነበር፣ አስተዳዳሪው ግማሹን አጥፍቶታል። ቁጥር 14 ለማስታረቅ ገብቶ የልደት ሰርተፊኬት ይጠየቃ ብሎ መፍትሔ ሰጠ። ቁጥር 15 የመለሰችለት እህት ክፍለ ከተማ ውስጥ የምትሠራ ይመስለኛል፣ ነገሩን አብራርታ ነው የጻፈችው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንደ አገር የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው፣ ዛሬ 15 እና 16 ዓመት የሆነው ልጅ የተወለደው ከዛ በፊት ነው፣ ስለዚህ ሰርተፊኬቱ የወጣለት በኋላ፣ ቤተሰብ በተናገረው ዓመት ነው፣ የፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው የልደት ቀንም ከዚሁ የተለየ ምንጭ የለውም። ፊፋ ራሱ ከ17 በታች የዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንት ዕድገትን በኤም አር አይ ምርመራ እስከማየት የደረሰው ወረቀት ስላላዋጣው ነው፣ የሰፈር ውድድር ኤም አር አይ አያስነሳም። እሷ ያመጣችው ሀሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍልና የተመዘገበበት ዓመት ከርዕሰ መምህሩ ፊርማ ጋር ይምጣ፣ ዝርዝሩም ውድድሩ ሳይጀመር በሁሉም ሰፈር ፊት ይለጠፍ፣ ልጁን የሚያውቁት እዛው ሰፈር ያሉት ናቸው የሚል ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም። ዕድሜ የሚቀንስ አሰልጣኝ እኮ የሚጎዳው ተጋጣሚውን ብቻ አይደለም፣ የራሱን ሰፈር የ14 ዓመት ልጅ ነው ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚያስቀረው፣ ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።

ቁጥር 16 ሁለት መስመር ብቻ ናት፣ ሴቶቹስ የት አሉ ብላ የጠየቀች እህት። እስከዛ ድረስ አንድም ሰው አላነሳውም ነበር። ቀጥላ በቁጥር 18 ዘርዝራ ጻፈች፦ ሰፈሯ ውስጥ አሥራ ምናምን ሴት ልጆች አሉ፣ ጠዋት ሳይነጋ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት፣ ምክንያቱም አንድ ሰዓት ሲሆን ወንዶቹ መጥተው በቃችሁ ውጡ ይሏቸዋል፣ የሚወጡትም ተከራክረው ሳይሆን ለምደውት ነው። መሀል ላይ ቁጥር 17 የገባው ሰውዬ ለሴት ልጅ ኳስ ምኗ ነው የሚል ነገር ጻፈ፣ የመለሰችለት መልስ ስለታም ነበር፣ ይገባዋል። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ስትጫወት ማንም ምኗ ነው አላለም፣ ጎሏን ነው የቆጠረው። ቁጥር 19 መቀየሪያ ክፍልና መጸዳጃ ቤት የሌለበት ሜዳ ላይ ሴት ልጅን ጠብቆ ማቆየት ከባድ እንደሆነ ጨመረ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ሜዳ ለዚህ ይሻላል፣ ቢያንስ በር አለው፣ ውሃ አለው። ወንድሞቼ፣ እዚህ ጋ ልናፍር ይገባል። ሜዳ ተወሰደብን ብለን የምናለቅስ ሰዎች ያለውን ሜዳ ከእህቶቻችን ላይ በጉልበት እየወሰድን ነው። የሰዓት ሠንጠረዥ ከተሠራ የመጀመሪያው የሚጻፈው ሰዓት የነሱ መሆን አለበት፣ ያውም በጨለማው ሳይሆን ከነጋ በኋላ።

ከ20 እስከ 23 ያለውን ቶሎ ልለፈው። አንዱ የሰፈር ኳስ ማን ያያል የጣና ሞገዶቹን (ባሕር ዳር ከተማን) እንይ አለ፣ ሌላው የዐፄዎቹ (የጎንደሩ ፋሲል ከነማ) ደጋፊ ኖሯል፣ ዋንጫ ስታመጡ እናወራለን ብሎ የፋሲልን የ2013 ሻምፒዮንነት አነሳ፣ የባሕር ዳሩ ደሞ በ2015 ሁለተኛ ወጥተን በኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን በፔናሊቲ ጥለናል አለ፣ ያኛው ቀጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን መሸነፋቸውን አስታወሰው፣ እንዲህ እያሉ አመሹ። ሁለቱም የሚያወሩት እውነት ነው፣ ክሩ ግን የዛ አይደለም።

መልሶ ወደ ጉዳዩ ያመጣው ቁጥር 24 ነው። ጠቡን ሳይነቅፍ ከውስጡ አንድ ነገር አውጥቶ አሳየን። ከ50 ሺ በላይ ሰው ይይዛል የሚባል ስታዲየም ያለን ከተማ ነን። በብሔራዊ ቡድን ኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፍነው እዚሁ ነው፣ ለአፍሪካ ዋንጫም በዛ ዓመት አለፍን። መስከረም 2014 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወትን፣ ከዛ ካፍ ደረጃውን አላሟላም ብሎ ዘጋው፣ የጋናን ጨዋታ በሜዳችን ተብሎ ጆሃንስበርግ ሄደን አደረግነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፣ ትልቁ ስታዲየም ሲዘጋ አገር ሙሉ ተነጋገረ፣ የሰፈሩ ሜዳ ሲታጠር ግን ማን ተነጋገረ? ነገ ለብሔራዊ ቡድን የሚሰለፈው ልጅ ዛሬ 13 ዓመቱ ነው፣ እሱ የሚጫወተው ስታዲየሙ ውስጥ አይደለም። እዚህ ላይ ከአርባ በላይ ሰው ወዶለታል፣ እኔም አንዱ ነኝ።

ከዛ ቁጥር 25 ያልታሰበ ነገር አመጣ። ፖሊ ሲማር ሕንዳዊ መምህራን እሁድ እሁድ ግቢ ውስጥ ክሪኬት (አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ሲጫወቱ እያየ አብሯቸው መወርወር ለምዶ ነበር፣ እዚህ ከተማ ክሪኬት ቡድን ማቋቋም አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰው ከርዕስ ወጣህ አለው፣ ቁጥር 26 ግን ቁም ነገር አድርጎ መለሰለት፦ ክሪኬት እንደኛው 11 ለ 11 ነው፣ ወርዋሪና መቺ የሚፋጠጡባት መሀል ያለችው ጠባብ መስመር 20 ሜትር ከ12 ሳንቲም ናት፣ አንድ ዙር ስድስት ውርወራ ነው፣ አጭሩ ዓይነት 20 ዙር ሆኖ በሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። የምሥራቅ አፍሪካዋ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2024 የዚህን አጭር ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ተጫውታለች፣ ከ1900 የፓሪስ ኦሊምፒክ ወዲህ ተትቶ የነበረው ስፖርት ደሞ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ዝም ብሎ የፈረንጅ ጨዋታ ተብሎ የሚተው አይደለም። የኔ ሀሳብ፣ የሚፈልግ ካለ ይጀምር፣ ግን እሱም የሚያስፈልገው ያው ሰፊ ደረቅ ሜዳ ነው፣ ሜዳ ጠያቂ በበዛ ቁጥር ጥያቄው ይጠነክራል እንጂ አይዳከምም።

ቁጥር 27 ጤና ጣቢያ የምትሠራ እህት ናት፣ እባካችሁ አሰልጣኞች ይሄን ሁላችሁም አንብቡት። አንደኛ ወባ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚበረታበት ወቅት ነው፣ ትንኟ ከመሸ በኋላ ነው የምትናከሰው፣ ሐይቁ ዳር ወይ ውሃ ያቆረ ሜዳ አጠገብ እስከ ምሽት የሚሠራ ልምምድ ቡድኑን አልጋ ላይ ያስተኛል። ትኩሳት ያለውን ልጅ ጉንፋን ነው ብሎ ማስሮጥ አይገባም፣ ይመርመር። ሁለተኛ ቢልሃርዝያ። ልጆቹ ከልምምድ በኋላ ጣና ገብተው ይታጠባሉ፣ ትሉ ደሞ ቀንድ አውጣ ባለበት ዳር ዳር ውሃ ውስጥ ነው ያለው፣ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ሳይታወቅ ይቆያል፣ ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ድካም ያመጣል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ያድናል፣ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ከገባ ግን ተመልሶ ይይዘዋል። ትንፋሽ የለውም ሰነፍ ነው የምንለው ልጅ ታሞ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ መስመር የሚሰመርበት ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ልጆች በእጃቸው እንዳይበትኑት። እንዲህ ያለ መልስ የሚጽፍ ሰው ይብዛልን።

ቁጥር 28 አንድ መስመር ናት፣ የብረት ጎል ቋሚ መሬት ውስጥ ካልተቀበረ ወይ ከኋላ በከባድ ነገር ካልተያዘ ወድቆ ልጅ ይገድላል፣ ማንም እንዳይንጠለጠልበት። ጎሉ 7 ሜትር ከ32 በ2 ሜትር ከ44 ነው፣ ያን የሚያክል ብረት ነው።

ቁጥር 29 ሁላችንም እያወቅን ያልተናገርነውን ተናገረ። ከነመሸንቲና ከነዘንዘልማ ይመጡ የነበሩ ቡድኖች ባለፉት ዓመታት መምጣት አልቻሉም፣ መንገዱ ሁሌ አስተማማኝ አይደለም፣ ምሽት ላይ ባጃጅ ይቆማል፣ ወላጅ ልጁ ከመምሸቱ በፊት ቤት እንዲገባ ይፈልጋል፣ መብቱ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜም የቡድኖቹ የቴሌግራም ግሩፖች ሞቱ፣ ጨዋታ መቼ እንደሆነ በሰው አፍ ነበር የሚነገረው፣ ያኔ የተበተኑ ቡድኖች እስካሁን ያልተሰበሰቡ አሉ። የሱ ሀሳብ፣ ዘንድሮ ውድድሩ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ብቻ ይሁን፣ የከተማው ዳር ቡድኖች ወደኛ ከሚመጡ ፈቃደኛ የሆነ ተጋጣሚ ወደነሱ ይሂድ፣ የማይቻል ከሆነም ፎርፌ አይቆጠርባቸው የሚል ነው። የመጨረሻዋ ላይ ቁጥር 7 ተመልሶ መጥቶ ተስማማላት፣ ማስያዣውም ይቅር አለ። ያን ሁሉ ሲከራከር የነበረ ሰው እንዲህ ማለቱ ደስ ብሎኛል።

ቁጥር 30 ውጭ አገር ያለ የከተማችን ልጅ ነው፣ ማሊያ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 31 ትንሽ ጠንከር አድርጎ መለሰለት፣ ማሊያ ሁሌ ይላካል፣ ፎቶ ይነሱበታል፣ ሜዳ የሌለው ቡድን ግን በማሊያ አይቆምም አለ። ነጥቡ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን ለሚሰጥ ሰው አይመጥንም፣ ወንድማችን ቅር እንዳይለው። ማሊያ ሳይሆን ሜዳ የሚለካበት ሁለት ረጅም ሜትር፣ ለየሰፈሩ የኳስ ፓምፕና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ቢልክልን ዓመቱን ሙሉ ያገለግለናል።

ቁጥር 32 ላይ ጋሼ ተመለሱ፣ ሥራ የሚሆነውንም ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሰፈር የሚጫወትበትን ሜዳ ይለካ፣ ርዝመቱ ስፋቱ፣ በየትኛው አቅጣጫ ከምን ጋር እንደሚዋሰን ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠቀምበት፣ ሴቶቹም ታዳጊዎቹም አዋቂዎቹም፣ ሰፈሩ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎችም ከመቼ ጀምሮ ሜዳ እንደሆነ ፈርመው ይመስክሩ። ሁሉም በአንድ ተጠርዞ የሜዳዎቹ ካርታ በስፖርት ስም እንዲወጣ በጋራ ይጠየቅ፣ አንድ ሰፈር ብቻውን ሲጠይቅ አይሰማም። ሕጉ የሜዳ ርዝመት ከ90 እስከ 120፣ ስፋት ከ45 እስከ 90 ሜትር ይላል፣ ከዛ የሚያንሰውም ለታዳጊ 7 ለ 7 ይሆናልና ትንሽ ነው ተብሎ እንዳይቀር አሉ።

እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ የኔም ሰፈር ከሚለኩት አንዱ ነው። ስድስት ሰፈር በውስጥ መስመር እሺ ብሎኛል፣ የምንጀምረው ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፣ ዝናብ ካለ እሁድ። ለጊዜው የሚበቃ ሜትር አለን፣ ፎቶ የሚያነሳ አለን፣ የጎደለን ንድፉን በአግባቡ የሚሥል ሰው ነው፣ ሰርቬይንግ የተማረ ወይ አሁን ፖሊ እየተማረ ያለ ልጅ ካለ ቁጥር 33 ላይ ይጻፍልኝ፣ ሰፈሩ የትም ይሁን።